እንግዳ የሌለበት ደወል

ማክሰኞ፣ ጥር 18 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለተወደድሽው ልጄ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽ የተቃና፣ ልብሽም የተረጋጋ ሆኖ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል፤ አንደበቷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ይህንንም ከዚህ በታች በምጽፈው ራስሽ ታረጋግጫለሽ። እኔም ዕድሜዬ የፈቀደልኝን ያህል ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ጥፋቱን ሊናገር የተነሣ ሰው ገጹን በጤና ወሬ ሲያስረዝም አልወድምና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፉት ሦስት ወራት ሁለት ጊዜ በስልክ፣ «አባዬ፣ ሥዕሉን ሰጡልኝ? ባሩድ ምን አለ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሁለቱንም ጊዜ፣ «ሰጥቼዋለሁ፤ አመስግኗል» አልኩሽ። ውሸት ነበር። ሥዕሉ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር። በሰባት ዓመትሽ የሰበርሽውን የአበባ ማስቀመጫ «ነፋስ ነው የጣለው» ስላልሽኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ያላነጋገርኩሽ አባትሽ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ ልጁን ዋሸ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል። ባሩድ፣ ያ የሆቴላችን ሻንጣ ተሸካሚ፣ ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ከተማ ጠቅልሎ ይወጣል፤ ከሄደ በኋላ ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ የሚታረምበት መንገድ ባልኖረ ነበር።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሥዕሉን ያቆየሁት በቅናት አይደለም። ቅናት ባለቤቱን እንደሚበላ የተማርኩት ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ያቆየሁት በመርሕ ነው። ቁጣ የሰው ልጅ ውርደት ነው፤ የሚቆጣን ሰው በሳቅ አጅቦ ማክበር ደግሞ ሕፃናት ፍም በእጃቸው እንዲጨብጡ እንደ ማበረታታት ይቆጠራል። ይህን ለእናትሽ ባለፉት ሦስት ወራት ደጋግሜ አብራርቼላታለሁ። እሷም በየጊዜው፣ «መርሕህ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቧራ እየጠጣ ነው» ስትል መልሳልኛለች።

ጥቅሉ የመጣ ዕለት ገመዱን በልብስ መቀሷ የቆረጠችው እናትሽ ናት። ሥዕሉን ከወንበር ላይ አስደግፈን ቆመን አየነው። ባሩድ ነው። ሻንጣ በሻንጣ ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ነክቷል፤ ከሥሩ ሁለት ጉልበትና አንድ የተቆጣ ፊት ይታያል፤ ኮፍያው አየር ላይ ነው፤ ከሁለት ጆሮዎቹም ጢስ ይወጣል። እናትሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሥዕሉን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ፤ «ለባሩድ፤ ከአለቃህ» ይላል። ለእኔ የተጻፈችው ብጣሽ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ትላለች፤ «አባዬ፣ ፊልሙ ዘንድሮ ሃያ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ የሣልኩት ይህን ነው። በራስዎ እጅ ይስጡልኝ። በሌላ ሰው እንዳይልኩት፤ በራስዎ እጅ።» ወረቀቷን አገላበጥኩ፤ ፖስታውንም ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ሌላ ነገር አልነበረም። ለእሱ ሥዕል፣ ለእኔ መልእክት ማድረስ።

ከዚያ ሆቴል ባንኮኒ ኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ድምፄን ከፍ አድርጌ ያውቃል የሚል ሰው ካለ ወጥቶ ይመስክር። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የባንኮኒው ደወል አንድ ጊዜ ስትመታ ለሻንጣ፣ ሁለት ጊዜ ለአሳንሰሩ ሠራተኛ፣ ሦስት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ። ሠራተኛው ከጀርባዬ «ጋሽ ደንቡ» ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስድብ ነው ብዬ አልተቀበልኩትም።

ባሩድ የሚለውንም ስም ያወጡት እነሱው ናቸው፤ ያ ስም ግን በፊት ለፊቱ የሚጠራ፣ ሲጠሩትም የሚሳቅ ነበር። ሰውየው ሻንጣ ተሸካሚ ነበር እንጂ የሆቴሉ ባለቤት አልነበረም፤ አዳራሹ ግን የእሱ ይመስል ነበር። ከሚዞረው በር ጋር ይጣላል። ከአሳንሰሩ ጋር ይጣላል፤ አንድ ጊዜ በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞበት፣ «እሺ፣ አንተም ቁም፣ እኔም አልወርድ፤ ማን እንደሚሰለች እናያለን» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ አልዘጋ ያለ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ፣ «እርስዎ ማን ስለሆኑ ነው የማይዘጉት? ሚኒስትር ነዎት?» ይለው ነበር። የእንግዳ ንብረት ስለሆነ በቁጣው መካከል እንኳ አክብሮቱን አልተወም። ቁጣው ሲብስ ኮፍያውን መሬት ይወረውራል፤ ወዲያው አንሥቶ ያራግፈዋል፤ ጠማማ አድርጎም ይደፋዋል።

እንግዶቹም ወደዱት። በዓመቱ የሚመለስ እንግዳ ገና ከበሩ ሲገባ፣ «ያ ቁጡው አለ?» ይል ነበር። «ያ ትዕግሥተኛው አለ?» ያለ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም። ቁልፋቸውን ሳቀብላቸው እጄን ያያሉ፤ ፊቴን ግን ቀና ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ይህን የማነሣው ለነገሩ ማብራሪያ እንዲሆን ብቻ ነው።

አንቺ ከትምህርት ቤት በዐሥር ሰዓት ወደ ሆቴሉ ትመጪ ነበር፤ እናትሽ ከስፌት ቤቱ የምትወጣው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ስለነበር። ከባንኮኒው ጎን፣ ከቁልፎቹ መስቀያ ሥር ወንበር አዘጋጅቼልሽ ነበር። መደገፊያ ያለው ነበር፤ እግርሽ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ሳጥን አስቀምጬለታለሁ። ሳጥኑንም ራሴ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። በዚያ ወንበር የተቀመጥሽበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ሳምንት አይሞላም። በስምንተኛው ቀን ከሻንጣው ጋሪ ላይ ወጥተሽ አገኘሁሽ፤ እሱ ይገፋል፣ አንቺ ታዝዢያለሽ። «አለቃ» ይልሽ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አለቃው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ እኔ ፊት ለፊት እያየሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅን «አለቃ» ይላል። አንቺም እኔን «እርስዎ» ትዪኝ ነበር፤ ያስተማርኩሽ ራሴ ስለሆንኩ ቅሬታ የለኝም። እሱን ግን «አንተ ባሩድ» ነበር የምትዪው፤ ያን ማንም አላስተማረሽም።

ሳቅሽም ነበር። ከጋሪው ይነሣና ጣሪያውን መትቶ ወደ ባንኮኒው ይመጣል። በዚያ ሰዓት፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት፣ ሥራ ይበዛ ነበር፤ ባሩድን ደጋግሜ መጥራት ግድ ይለኝ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ለእኔም አንድ ነገር አድርገሽልኛል። የቀኝ እጅጌዬ ጫፍ አዝራር የተበጠሰ ዕለት፣ እናትሽ በቦርሳሽ የያዘችልሽን መርፌ አውጥተሽ ባንኮኒው ሥር ተቀምጠሽ ሰፋሽልኝ። ጥቁር ክር አልነበረሽም፤ በቀይ ሰፋሽው። አራት ነጥብ ቀይ፣ በጥቁር ኮት ላይ። በደንብ ልብስ ላይ የተለየ ቀለም ያለው ክር የሚከለክለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አይቶ፣ «ይህ ምንድነው?» ሲለኝ፣ «ይቀየራል» አልኩት። አልተቀየረም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልተቀየረም። በሥራ ዘመኔ የጣስኩት ደንብ ያ አንድ ብቻ ነው ብዬ እስከ እሑድ ድረስ አምን ነበር።

ከዚያ አደግሽ፤ ሄድሽ፤ ተማርሽ፤ ያን የካርቱን ፊልም ሠራሽ። ርእሱ ራሱ ቁጣ ነው፤ «መጣሁ አልኩ!»። ሃያ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ሁሉ ይታያል። በሰፈራችን እናቱ ስትጠራው «መጣሁ አልኩ!» ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም። ፀጉሬን የሚያስተካክለው ሰውዬ፣ «የባሩድ አለቃ የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉ» ብሎ ከወረፋ አሳልፎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ የተረፈኝ ማዕረግ የባሩድ አለቃነት ሆነ። ፊልሙን ግን አላየሁትም ነበር። ላንቺም «ሰማሁ» ብዬሻለሁ እንጂ «አየሁ» አላልኩሽም፤ አስታውሺ፤ በዚያ አልዋሸሁም። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሲያየው፣ «ጠብ እያዩ መሳቅ ለጨዋ ሰው አይገባም» ብዬ ወደ ሌላው ክፍል እገባ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ልጄ ሌላ ሰው በፍቅር ስትሥል ተቀምጦ ማየት ለእኔ ብዙ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ባሩድ ሊሰናበተን መጣ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ልሄድ ነው» አለኝ። «ታናሽ እህቴ ጋ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ። ሰደብኩት፤ ለመንኩት፤ አይሰማም።»

«እህትህ ፎቅ የላትም?»

«ምድር ቤት ናት። ሁለት ደረጃ አላት፤ እነሱን እችላቸዋለሁ። ከእነሱ ጋር ተነጋግሬያለሁ።» ከዚያ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዞረ። «አለቃ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ስለኔ ታነሣለች?»

እናትሽ ይዛው የነበረውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ነበር። አየችኝ። ቁም ሳጥኑ ከባሩድ ጀርባ ሁለት ክንድ እንኳ አይርቅም።

«ሥራ ይበዛባታል» አልኩት።

«አዎ፤ ይበዛባታል» አለ። «ትልቅ ሰው ሆናለች። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ኮፍያውን አልወረወረም። ቀጥ አድርጎ ደፋና ወጣ። ያን ኮፍያ ቀጥ ብሎ ሳየው በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

በሩ እንደተዘጋ እናትሽ፣ «ሽማግሌውን አስለቀስከው» አለችኝ።

«አላለቀሰም» አልኳት።

«ደረጃው ላይ ነዋ የሚያለቅሰው። እዚህማ አንተ አለህ።»

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኳን ተቀብዬ ፊልምሽን ከፈትኩ። ያነሣሣኝ ንስሐ አልነበረም፤ አልዋሽም። ሥዕሉን ላለመስጠቴ በቂ ምክንያት ላገኝበት ነበር። እናትሽ ልብስ የምታጥፍ መስላ ከኋላዬ ቆመች።

ልጄ፣ አንቺው የሠራሽውን ለአንቺው መተረክ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን እኔ ምን እንዳየሁ እንድታውቂ እጽፈዋለሁ። ደወል ይመታል። ባሩድ ከሰባተኛ ፎቅ፣ አፉ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ እንደያዘ፣ አንድ እግሩ ጫማ አንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ሆኖ፣ «መጣሁ አልኩ!» እያለ ይወርዳል። ባንኮኒው ጋ ይደርሳል። እንግዳ የለም። ኮፍያውን ወርውሮ ይመለሳል፤ ሰባተኛው ፎቅ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ደወሉ እንደገና ይመታል። ይወርዳል። እንግዳ የለም። በጢስ ይወርዳል፤ በመስኮት ይወርዳል፤ በሻንጣ ውስጥ ተቆልፎ በደረጃው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ እንግዳ የለም። ዐሥራ አንድ ጊዜ። በመጨረሻ ከቁጣው ብዛት ሆቴሉ በሙሉ ተነቅሎ ይበርና በባዶ ሜዳ ላይ ባንኮኒው፣ ደወሏና አንድ እጅ ብቻ ይቀራሉ። እጁም ደወሏን ይመታል።

እናትሽ ከኋላዬ ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። በአራተኛው ደወል ላይ የዚያን እጅ እጅጌ አይቼ ነበርና። ጥቁር ኮት፤ አንድ አዝራር፤ አራት ነጥብ ቀይ። ስልኩን አቆምኩት። ዐይኔ ደክሞ እንደሆነ ብዬ መነጽሬን ጠረግኩ። ቀዩ አልጠፋም።

ልጄ፣ እንግዳ አልነበረም።

ሳቅሽ ወደ ባንኮኒው ሲመጣ እጄ ወደ ደወሏ ይሄድ ነበር። እሱ ጋሪውን ትቶ እየሮጠ ይመጣል፤ ላቡን እየጠረገ፣ «አቤት ጋሼ፣ ሻንጣው የታለ?» ይለኛል። «እንግዳው ሐሳቡን ቀይሮ ወጣ» እለዋለሁ። እሱም ኮፍያውን ይወረውራል። እኔም በየዓመቱ በሚሞላው የሠራተኞች የጠባይ መግለጫ ላይ፣ በስሙ ትይዩ፣ በዚያው እጄ፣ «ግልፍተኛ» ብዬ እጽፋለሁ። እሳቱን ቆስቋሹም፣ ጢሱን ከሳሹም እኔው ነበርኩ። ይህንን ሳደርግ አንድም ሰው አላየኝም ብዬ ስኖር ዐርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለካስ ከጋሪው ላይ ሁለት ዐይኖች ያዩኝ ኖረዋል፤ ዓለምም ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ ሲስቅ ኖሯል። «በራስዎ እጅ ይስጡልኝ» ያልሽው ያን ጊዜ ገባኝ። ፍርድ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ትናንት ጠዋት ሥዕሉን በብብቴ ይዤ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ድምፁን ሰማሁ።

«አንተ ገመድ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሻንጣ አስሬያለሁ። አንተ ማን ነህና ነው የምትፈታው?»

የራሱ ዕቃ ስለሆነ «አንተ» ይለው ነበር። በሩ ክፍት ነው። በካርቶኖች መካከል ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ? ምነው፣ በደህና?»

«ለአንተ የመጣ ነው» አልኩት። «የመጣው ግን ዛሬ አይደለም። ሦስት ወር ሆኖታል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ይጮህብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ደረጃውን ስወጣ ጩኸቱን ፈልጌው ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሥዕሉን ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ኮፍያዬ እንዲህ ጠማማ ነበር?»

«ከዚህም ይብስ ነበር።»

«ጆሮዬ ላይ ያለው ምንድነው? ጢስ ነው?»

«ጢስ ነው።»

«ልክ ናት» አለ። «ጢስ ነበረኝ።» ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። ከዚያ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። «እኔኮ ቅዳሜ ከእናንተ ስወጣ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

የጀመርኩትን ሳልጨርስ መቀመጥ አልፈለግሁም። «ሌላም ነገር አለ» አልኩት። «ደወሏን ስመታ፣ ልጄ ባለችበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ እንግዳ አልነበረም።»

«እንግዳ እንዳልነበረማ እናውቃለን።»

«እናውቃለን? ማንና ማን?»

«እኔና አለቃ ነና። ሌላ ማን ሊሆን ነው?» ካርቶን የሚያክል ዐይን አወጣብኝ። «እንዴ፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ ሳያውቁት ነው?»

አላውቅም ነበር። እሱም ነገረኝ። ቃሉን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ ምናልባት ረስተሽው ከሆነ።

«ጋሪው ላይ ትወጣና፣ 'ባሩድ፣ አሁን ልስቅ ነው፣ ቁጠር' ትለኛለች። ትስቃለች። የሚያስቅ ነገር ኖሮ እንዳይመስልዎ፤ እንዲያው ባዶ ሳቅ። እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እላለሁ። አራት አይደርስም፤ ቲን። 'አባዬ ሰማኝ' ብላ ታጨበጭባለች። ወዲያው ደግሞ፣ 'ሂድ ቶሎ፣ እንዳይባንን' ትለኛለች።»

«አንተ ታዲያ ካወቅክ ለምን ትቆጣ ነበር?»

«የምሮጠው እኔ ነኛ። ጨዋታው የሁለታችሁ፣ ሩጫው የኔ።» ይህን ሲል የድሮው ድምፁ መለስ አለለት። «ምን ልሁን? ልመርቅ?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «ደወሏን የማይመቱበት ቀንም ነበር። በአውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ሲመጣብዎት። ትስቃለች፤ እኔም እቆጥራለሁ። ዐሥር፤ ሃያ። ደወል የለም። ያን ጊዜ ከጋሪው ትወርድና፣ 'ዛሬ አባዬ አልሰማኝም' ብላ ደብተሯን ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ከበሩ ጋር ብጣላ፣ ከሻንጣ ጋር ብጣላ፣ አትስቅልኝም። እኔ አስቄያት አላውቅም፣ ጋሼ። ስትስቅም ፊቷ ወደ ባንኮኒው ነበር።»

በአቅራቢያዬ በነበረው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ከእኔ ጋር ሰጠመ።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ። «ሳህኖቼ ናቸው እኮ!»

በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ፣ «አንተ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አላረምኩትም። ሦስት ሳህኖች ተሰብረዋል። ስብርባሪውን ሁለታችንም ተንበርክከን ለቀምን፤ እሱ ሳህኖቹን «ከእናንተ ጋር ገና አልጨረስኩም» እያለ።

ስወጣ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር ከአንዱ ካርቶን ቆፍሮ አወጣና ሰጠኝ። ደወሏ ነበረች። ጡረታ ከመውጣቴ አንድ ወር በፊት ከባንኮኒው ላይ ጠፍታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስፈልጌ፣ ስለ መጥፋቷም ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ማመልከቻ የጻፍኩባት ያችው ደወል።

«የወጣሁ ቀን ማርኬያት ነው የሄድኩት» አለኝ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ጸጥ አሰኝቻታለሁ። አሁን ይውሰዷት። እህቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አላስገባም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ስለ ንብረት አያያዝ የምለው አይጠፋኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ደወሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ተመለከትኳትና አንድ ጊዜ መታኋት። ከጓዳ እናትሽ፣ «መጣሁ አልኩ!» አለች። ጉልበቷን እያሻሸች መጥታ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። «ማን መጣ? እንግዳ አለ?»

«የለም» አልኳት። «እንግዳ የለም።»

ደወሏን አየች፤ እኔን አየች። አንዳች ነገር ሳትናገር ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። እናትሽ ሳትናገር የተቀመጠችበትን ጊዜ አንቺም ታውቂዋለሽና ይህን በቀላሉ እንዳታዪው።

ስለ ቁጣ ያለኝ አቋም እንዳልተለወጠ እንድታውቂ እወዳለሁ። ፊልምሽን ግን ዛሬ ጠዋት ደግሜ አየሁት። በሰባተኛው ደወል ላይ አንድ ድምፅ ከአፌ ወጥቷል፤ እናትሽ ሳቅ ነው ትላለች፣ እኔ ሳል ነው እላለሁ። ደግሞም የመጀመሪያው ሥዕል ለእሱ መሄዱ ተገቢ ነው፤ ሩጫው የእሱ ነበር። ከዚያው ፊልም የእጅ ሥዕል፣ አነስ ያለም ቢሆን፣ በሣጥንሽ ውስጥ ተርፎ ከሆነ ግን፣ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ክፍት ቦታ እንዳለ ላስታውስሽ እወዳለሁ። የባሩድን የሚያህል መሆን የለበትም። ባያንስም ግን ቅር አይለኝም።

ልጄ፣ እጅሽ አይድከም፤ የሣልሽው ሁሉ ይንቀሳቀስልሽ። በሄድሽበት የሚከፈትልሽ በር እንጂ የሚጣላሽ በር አይግጠምሽ። ከሩቅ የሳቅሽው ሳቅም የሚሰማው ጆሮ አይጣ።

አባትሽ፣
የቀድሞው የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ

ይድረስ ያልኩትን ከጨረስኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ጥቁሩ ኮቴ አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። የቀኝ እጅጌው አዝራር ላልቷል፤ ቀዩ ክር ሳስቷል። እናትሽ ልታጠብቀው መርፌዋን ይዛ መጥታ ነበር፤ ከለከልኳት። የሰፋችው ራሷ ታጥብቀው ብያለሁ።